የደም ምርመራዬን ወረቀት ራሴ ያነበብኩ ዕለት

ስሜ ሰዓዳ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። አሁን ጤነኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። ይህን ጽሑፍ በተለይ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። አንደኞቹ "ጨጓራ ነው፣ ያልፋል" እያሉ ለወራት የሚያስመልሱ ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ጥቂት ስለተማሩ ብቻ የምርመራ ወረቀት አንብበው ለቤተሰብ የሚተረጉሙ ናቸው። እኔ ሁለቱንም ስለነበርኩ ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም።

ሕመሙ የጀመረኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከደረቴ በታች ያቃጥለኛል፤ ምግብ ስበላ ትንሽ ይተወኛል፤ ከዚያ ይመለሳል። ፈተና እየደረሰ ስለነበር ጭንቀት ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የካፌውን ወጥ መብላት ስጀምር ግን ባሰብኝ። የግቢው ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ ሆዴን ሁለት ቦታ ጫን ጫን አድርጎ "አሲድ በዝቶብሻል" አለኝና የሚጠጣ ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አሲድ" የምትለዋ ቃል አብራኝ ኖረች። የመኝታ ክፍሌ ልጆች "አሲድሽ እንዴት አደረ?" ይሉኝ ነበር፤ እኔም "ዛሬ ተኝቷል" እያልኩ እስቅ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማስመለስ ጀመርኩ። የሚገርመኝ የነበረው የማስመልሰው ነገር ነው። ጠዋት የበላሁት ዳቦ ማታ ሳይፈጭ ይወጣል። ይህ ትልቅ ምልክት እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ስለሚያስጠላ ለሐኪም እንኳ በዝርዝር አልተናገርኩም። "ያስመልስሻል?" ሲሉኝ "አዎ" ብቻ እላለሁ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ ለአሥር ቀን መድኃኒት ሰጠኝ። ሌላው የደም ማነስ ነው አለ። ሁሉንም እንደታዘዝኩት ወሰድኩ፤ እኔ የታዘዝኩትን ሳላጓድል የምፈጽም ሰው ነኝ። መድኃኒቱም ግን ከምግቡ ጋር አብሮ ይወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ለዕረፍት ቤቴ ስገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ሰዓዳ፣ ልጄን የት ጥለሻት ነው የመጣሽው?" አለችኝ። ቀልድ አስመስላ ነው የተናገረችው፤ ግን ሻንጣዬን ተቀብላኝ ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደች።

አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው። ብዙ አይናገርም። ሦስት ቀን ሙሉ ስበላና ሳስመልስ ሲያየኝ ከቆየ በኋላ "ውጫሌ እህቴ ዘንድ ሂጂና ትንሽ ዕረፊ፤ አየሩም ይቀይርሽ" አለኝ። እህቱ፣ አክስቴ ሩቅያ፣ ውጫሌ መናኸሪያው አጠገብ ብስኩትና ቦምቦሊኖ እየጠበሰች ትሸጣለች። አምባሰል ውስጥ የእሷን ብስኩት ያልበላ ሹፌር የለም፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው የምትለው።

አክስቴ የጨጓራን ነገር ከሐኪም በላይ አውቃለሁ ባይ ናት፤ ራሷ ለሃያ ዓመት ታማበታለች። በደረስኩ በማግሥቱ ለብስኩቱ ከምትጨምረው ነጭ ሶዳ አንድ የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጣ ሰጠችኝ።

"ጠጪው። አሲድን የሚገለው ይሄ ነው። ወላሂ፣ እኔን ያቆመኝ እሱ ነው።"

ጠጣሁት። ወዲያው አገሣኝ፤ ማቃጠሉም ጠፋ። ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ ያልኩት ያን ቀን ነው። አክስቴ በደስታ "አላልኩሽም!" አለችና ለደንበኞቿ ሁሉ አወራች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማስመለሴን ግን አልነገርኳትም። ያን ያህል ደስ ካላት በኋላ ማሳዘን አልፈለግኩም። ወደ ሐይቅ ስመለስ አንድ ፌስታል ሶዳ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ በቀን ሦስቴ መጠጣቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ድካሙ ሌላ ሆነ። ከአስፋልቱ ወደ ቤታችን የምታወጣው አጭር ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ እቀመጥ ጀመር። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ልቤ አንዳንዴ አንድ ምት ዘላ የምትሄድ ይመስለኛል። ሐይቅ ያየኝ የጤና መኮንን ብዙ ጠየቀኝ፤ ጠዋት የተበላ ምግብ ማታ እንደሚወጣ መጀመሪያ የተናገርኩት ለእሱ ነው። ብዕሩን አስቀመጠ። "ይሄ እዚህ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ደሴ ሂዱ" ብሎ ጻፈልን።

ዓርብ ቀን ከአባቴ ጋር ደሴ ሄድን። የሐኪሙ በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ነበር። ግድግዳ ተደግፌ ስቆም አንድ ሽማግሌ ከወረፋቸው ተነሡ።

"አንቺ ቅደሚ ልጄ። እኔን ያመጣኝ ጉልበቴ ነው፤ የትም ጥሎኝ አይሄድ።"

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ያን ወንበር ግን አልረሳውም።

ሐኪሙ መረመረኝ፤ ደም አዘዘ፤ ሰኞ ደግሞ ጨጓራዬን በካሜራ እንዲያዩልኝ ቀጠሮ ጻፈ። ደሙን አንድ የግል ላቦራቶሪ ሰጥተን ውጤቱን ስንጠብቅ መሸ። ወረቀቱን የሰጠኝ የላቦራቶሪው ባለሙያ ነው። አባቴ ውጪ ስለነበር የተናገረው ለእኔ ብቻ ነበር።

"ይሄንን ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩ። ሐኪማችሁ ከወጣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እስከ ሰኞ አታቆዩት።"

"እሺ" አልኩ። ወጣሁ። ሐኪሙ ወደ ቤቱ ሄዷል። አባቴ ሰዓቱን ያያል፤ ወደ ሐይቅ የሚመለሱት ሚኒባሶች እያለቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ከእኔ ጋር ውሏል። ወረቀቱን ገልጬ አየሁት። በቁጥሮች የተሞላ ነው፤ ከአንዳንዶቹ ጎን "ኤች"፣ ከአንዳንዶቹ ጎን "ኤል" የምትል የእንግሊዝኛ ፊደል አለች። ኤች ከፍ ያለ፣ ኤል ዝቅ ያለ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ከላይ "ፒኤች" የሚል አለ፤ ሰባት ነጥብ አምስት ስድስት፤ ከጎኑ ኤች።

ፒኤች የአሲድ መለኪያ መሆኑን በኬሚስትሪ ተምሬያለሁ። መለኪያው ከፍ ብሏል። እንግዲያው አሲዱ ከፍ ብሏል። ሁሉም ሰው ለወራት ሲለኝ የኖረው ይኸው ነው። በጣም ግልጽ ሆኖ ታየኝ።

"ምን ይላል?" አለኝ አባቴ።

"ያው ነው አባ፤ አሲድ ነው። የምናውቀው ነው። ሰኞ እናሳየዋለን።"

"ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለውም?"

"የለውም።"

የባለሙያውን ቃል አልነገርኩትም። ውሸት አልመሰለኝም፤ ወረቀቱ የገባኝ መሰለኝ፤ የገባኝ ነገር ደግሞ አያስፈራኝም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ማንበብ የምትችለው በአማርኛ ብቻ ነው፤ ያቺን አንድ ፊደል ግን ከኤችአይቪ ማስታወቂያ ላይ ይሁን ከየት እንጃ ለየቻት። ጓዳ ጠርታ በሹክሹክታ "ይቺ ኤች... ያ በሽታ ነው እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ፤ እናትሽ ነኝ" አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ኧረ እማ! ኤች ማለት ከፍ ያለ ማለት ነው። አሲዴ ከፍ ብሏል ማለት ነው።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ደረቷን ያዘች። "ከፍ ካለማ ሶዳውን ጨምሪበታ።" ለጎረቤቱ ሁሉ ልጇ የደም ወረቀት እንደምታነብ ተናገረች። እኔም ቅዳሜና እሑድ የሶዳውን መጠን ሁለት ማንኪያ አደረግኩት። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ስጠጣው አንድ ትልቅ ሥራ በትክክል የምሠራ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ከንፈሬ ዙሪያ ይነዝረኝ ጀመር። ከዚያ ጣቶቼ። ብርጭቆ ለማንሣት እጄን ስዘረጋ አምስቱም ጣቶቼ ጉርሻ እንደሚያጎርስ ሰው ተሰብስበው ደረቁ።

"እጅሽን ዘርጊው እንጂ" አለች እናቴ።

"እምቢ አለኝ።"

ጣቶቼን አንድ በአንድ ልትከፍታቸው ሞከረች፤ ተመልሰው ይሰበሰባሉ። አክስቴ ሩቅያ ልትጠይቀኝ ከውጫሌ መጥታ ነበር፤ "ያረቢ! ጅን ነው፤ የጅን እጅ ነው!" ብላ ጮኸች። እናቴ ራሴን ታቅፋ ዱዓ ማድረግ ጀመረች። ልቤ ሦስት ጊዜ በፍጥነት ትመታና ትቆማለች፤ ስትቆም ዓይኔ ይጨልማል። እሞታለሁ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ብቻ ነው። የፈራሁት ግን ሞቱን ብቻ አልነበረም። አባቴ የማያውቀውን ነገር ይዤ መሄዴ ነው።

አባቴ ከደጅ ሲገባ "አባ" አልኩት። "ላቦራቶሪ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩ ብሎኝ ነበር። ዓርብ። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ።"

"ለምን?"

"የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠን ብዬ።"

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። "ሚኒባስማ ነገም ይመጣል እኮ፣ ሰዓዳ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ። አባቴ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

ደሴ ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ወጣት ሐኪም ናት። እጄን ስታይ "መቼ ጀመረሽ?" አለችኝ፤ ወረቀቱን ተቀብላ ስታነብ ደግሞ ቀና ብላ ነርሷን ጠራች። ደረቴ ላይ የልብ ምት የሚያነብ መሣሪያ አሰሩልኝ፤ ክንዴ ላይ ግሉኮስ እንደምንለው ያለ ፈሳሽ ሰቀሉ።

"ምን ምን ትወስጂያለሽ?"

ሽሮፑን ነገርኳት፤ ክኒኖቹን በስም በስማቸው ዘረዘርኩ። ሶዳውን አልጠቀስኩትም፤ መድኃኒት መሆኑ ትዝ አላለኝም። እናቴ ናት ከቦርሳዋ ፌስታሉን ያወጣችው።

"ዶክተር፣ ይሄንንም በቀን ሦስቴ ትጠጣለች። እዚህ ስትተኛ እንዳይቋረጥባት ብዬ ይዤው መጥቻለሁ።"

ሐኪሟ ፌስታሉን ከፍታ አየች፣ አሸተተች። እናቴን አልተቆጣችም። "ጥሩ አደረጉ፣ እናቴ፤ ባያሳዩኝ ኖሮ አላውቅም ነበር" አለቻት። ለዚህ ደግነቷ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ወረቀቱን ማን ነው ያነበበላችሁ?"

"እኔ" አልኩ። "አሲዱ ከፍ ብሏል ብዬ።"

"ግልባጩ ነው። ፒኤች የሚባለው ቁጥር ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል። የአንቺ ደም አሲድ በዝቶበት አይደለም፤ ጎድሎበት ነው።"

ገባኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልገባኝም። ቁጥር እየጨመረ ነገሩ እንዴት ይቀንሳል? አጠገቤ የቆመው አባቴ ነው የተናገረው።

"እንደ ጀልባዬ ችካል ነዋ! ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ችካሉ አንድ ስንዝር ነው የሚታየው። በጋ ውሃው ሲጎድል ወገቤ ድረስ ይረዝማል። ችካሉ ረዘመ ማለት ውሃው ሸሸ ማለት ነው።"

ሐኪሟ ሳቀች። "አባቴ፣ ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቼ ልውሰደው?"

"ውሰጂው ልጄ። አሁን ውሃውን መልሽልኝ እንጂ።"

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፈው፤ ሙያው የእኔ ስላልሆነ በጥንቃቄ አንብቡት። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድና ደም ውስጥ ያለው ሚዛን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለን። የእኔ ጨጓራ መውጫው ላይ ቆስሎ አብጧል። በሩ ስለጠበበ ምግቡ ወደ አንጀት ማለፍ አቅቶት ወደ ላይ ይመለሳል። ባስመለስኩ ቁጥር ከምግቡ ጋር የጨጓራዬ አሲድ ይወጣል፤ ለወራት ሲወጣ የደሜ ሚዛን ወደ ሌላው ወገን አጋደለ። ሶዳ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ በጎደለው ላይ ማጉደያ ጨመርኩበት። ጣቶቼን ሰብስቦ ያደረቃቸውም ይኸው የሚዛኑ ማጋደል ነው። ወረቀቱ ላይ ኤል የተጻፈበት ሌላ መስመር ነበር፤ ፖታሲየም የሚባል፣ ጡንቻና ልብ የሚሠሩበት ጨው ነው። እሱም ተሟጦ ነበር። ዳገቱ ያቃተኝ፣ ልቤ የዘለለችው በዚያ ነው። እኔ ኤቿን ሳነብ ኤሏን አልፌያት ነበር።

የተደረገልኝ ነገር ሲታይ ቀላል ነው። የጨው ውሃ፣ ውስጡ ፖታሲየም ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብበት፤ በአፍንጫዬ የገባች ጨጓራዬን የምታሳርፍ ቀጭን ቱቦ። ቱቦዋ ስትገባ አልቅሻለሁ፤ ከገባች በኋላ ግን ማቅለሽለሹ በአንዴ ቆመ። በማግሥቱ ጣቶቼ ተዘረጉ። እናቴ መዳፌን ደጋግማ ትከፍትና ትዘጋ ነበር፤ የሕፃን እጅ እንደሚያጫውት ሰው።

በሦስተኛው ቀን ጨጓራዬን በካሜራ አዩት፤ ቁስሉ ተገኘ፤ ቁስሉን ያመጣው ተሕዋስም ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ይሆናል ተብሎ ነበር። ሐኪሟ ግን "እብጠቱ በመድኃኒት ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ እንሞክር" አለች። የታዘዘልኝ መድኃኒት የጨጓራ አሲድ የሚቀንስም ነበረበት፤ ያኔ ግራ ገብቶኝ "አሲድ ጎድሎኛል አላልሽም?" አልኳት። "የደምሽ ሚዛን በፈሳሹ ተስተካክሏል። ይሄ ቁስሉ እንዲድን ነው። ደግሞም ስትጠይቂ በጣም ደስ ይለኛል" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማንንም ከመጠየቅ አላፈርኩም።

አክስቴ ሩቅያ ሆስፒታል የመጣችው በአምስተኛው ቀን ነው። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

"እኔ ነኝ የገደልኳት። በእጄ በጥብጬ!"

"አክስቴ፣ አልሞትኩም እኮ፤ ግቢ።"

"አፊያ ነሽ? እውነት?"

"አፊያ ነኝ። ያስመልሰኝ እንደነበር የደበቅኩሽ እኔ ነኝ። ብትሰሚ ኖሮ አትሰጪኝም ነበር።"

ገብታ ሳመችኝ። "አብሽሪ፣ ልጄዋ። ከእንግዲህ ሶዳው ለብስኩት ብቻ ነው" አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ "የእኔንም ጨጓራ ታይልኝ ይሆን ያቺ ዶክተር?" ብላ ጠየቀች። አየችላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ታማ ስትመረመር የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐኪሟ እንዳለችው መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ አጥሚት፣ ከዚያ ለስላሳ ፍትፍት እያልኩ ጀመርኩ። ጠዋት የበላሁት ማታ ሳይመለስ የቀረበትን የመጀመሪያ ቀን እናቴ እንደ በዓል ነው የቆጠረችው። ከሁለት ወር በኋላ በካሜራ ሲታይ በሩ ተከፍቷል። ዩኒቨርሲቲውም ያመለጠኝን ሴሚስተር በሕክምና ማስረጃ ይዞልኝ ስለነበር የመመለሻ ቀኔ ተቆረጠ። አባቴ ዜናውን ሲሰማ ያለው አንድ ነገር ነው፤ "ችካሉ እንዴት ነው?" ለክትትል የተመረመርኩትን አዲሱን ወረቀት አሳየሁት፤ ፒኤች ከሚለው ጎን ምንም ፊደል የለም። ይህን ራሴ አይቼ ብቻ አላመንኩም፤ ሐኪሟ አንብባልኛለች።

እናቴ ለጎረቤት ያስወራችው ዝና ግን አልጠፋም። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እማማ አስካለ፣ ከእኛ ቤት በላይ ያሉት አሮጊት፣ የተጣጠፈ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ላቦራቶሪ የሰጣቸው ነው፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ጉልበታቸውም ደክሟል።

"አንቺ ተማሪዋ፣ እስቲ እዪልኝ። ይቺ ፊደል ምንድን ናት? እናትሽ ታውቃለች አለችኝ።"

ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። ኤች ናት። የቱ መስመር ላይ እንደሆነችም አየሁ፤ ያ መስመር ምን እንደሚለካም የማውቅ ይመስለኛል። እማማ አስካለ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ እናቴም ከጓዳ ብቅ ብላ ቆማለች። እንዲያ የሚጠብቅ ፊት ሳይ አንድ የሚያስደስት ነገር መናገር በጣም ያምረኛል።

"ከፍ ያለ ማለት ናት፣ እማማ" አልኳቸው። "ከፍ ማለቱ ደግ ይሁን ክፉ ግን አላውቅም።"

"ውይ! ተምረሽ?"

"ተምሬ" አልኳቸውና ጫማዬን አደረግኩ። "ባጃጅ ልጥራና አብረን ለሐኪም እናሳየው። ዛሬውኑ።"